መንጠቆ የሚቀማበት፣ መረብ የሚታለፍበት የጣና ሐይቅ፦ ለክልሉ የዓሣ ሀብት ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ስለተቀማብኝ መንጠቆ ማመልከቻ በመዝገብ ቤት አስገብቼ፣ በቃልም ደጋግሜ አስታውሼ፣ «በሂደት ላይ ነው» ከሚል በቀር መልስ ስላላገኘሁ ጉዳዬን በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። የፌዴራሉን የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995ንም ሆነ ክልሉ ያወጣውን የዓሣ ሀብት ሕግ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ስለሚሆንብኝ አልሞክረውም፤ የምጠይቀው ሕጉ የሚሠራው በማን ላይ እንደሆነ ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት ከልጅ ልጄ ጋር፣ ሕዝብ በሚንሸራሸርበት የከተማው የሐይቅ ዳርቻ መንጠቆ ጥለን ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ ጥበቃ መጥቶ ፈቃድ ጠየቀን። ለመዝናናት ለሚያሰግር ሰው የሚሰጠው ፈቃድ ከየት እንደሚወሰድ ብጠይቀው «እሱን እኔ አላውቅም» ብሎ መንጠቆዎቻችንን ሰብስቦ ሄደ። ከዚያ በኋላ ከፍዬ ልውሰድ ብዬ የሄድኩበት ቢሮ ደግሞ ለመንጠቆ የሚሆን ቅጽ እንደሌለው ነገረኝ። የተቀጣነው እንግዲህ ማንም የማይሰጠውን ፈቃድ ስላልያዝን ነው። ልጁ የያዛት አንዲት ቆሮሶም (ቲላፒያ) አብራ ተወስዳለች፤ ለማስረጃ ይሁን ለምሳ አልተነገረንም።

ይህ ጥብቅነት በሐይቁ ሁሉ ቢሠራ ኖሮ ባላጉረመረምኩ ነበር። ነገር ግን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ከጣና ነጭ ዓሣ (ባርበስ ከሚባለው ወገን) ብዙው ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ ሲወጣ፣ በወንዞቹ አፍ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል፤ ከመረቡ ያመለጠውም ላይ ዓሣ የሚያደነዝዝ የተወቀጠ የብርብራ ዛፍ ፍሬ የሚደፋበት ጊዜ አለ። ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በዓለም ላይ ከጣና ሌላ መኖሪያ የላቸውም። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባደረጉት ክትትል፣ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ክምችታቸው በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን መዝግበዋል፤ ያኔ ደግሞ ዛሬ በየጀልባው የምናየው የሞኖፊላመንት (ከነጠላ የፕላስቲክ ክር የተሠራ) መረብ ገና አልተስፋፋም ነበር።

መፍትሔ ተብሎ የሚነገረን የቆሮሶ ጫጩት ማሠራጨት ነው። ለቆጋ ግድብና ለገበሬው ኩሬ መልካም ሥራ ነው፤ ጫጩቱ ከጣና ከራሱ ዘር የተራባ እስከሆነ ድረስ ይብዛልን፣ በግድቡ ዳርም መንጠቆ ለሚጥል ሰው ቦታ ይከለልልን። 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋን ሐይቅ ግን ካሜራ ፊት በሚደፋ ባልዲ ማደስ አይቻልም። ቆሮሶ ደንገሉ ካልተጨፈጨፈበት በዳርቻው ራሱ ይራባል፤ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ደግሞ መንገዱ ከተዘጋበት የቆሮሶ ጫጩት መልቀቅ ምኑን ይተካለታል?

ለመንጠቆ ቅጽ ያዘጋጁ፤ ዋጋውን ይተምኑ፣ እንከፍላለን። በዳርቻው የሚፈቀድበትንና የማይፈቀድበትን ቦታም በሰሌዳ ያስጽፉ። ከአንድ ሽማግሌና ከአንድ ሕፃን እጅ መንጠቆ የሚቀማ ሰው ያልታጣበት መዋቅር፣ ሐምሌ ሲገባ በጉማራ አፍ ማንን እንደሚያቆም ደግሞ ከወዲሁ በጽሑፍ ያሳውቁን።

አንድ ጡረተኛ መምህር
ባሕር ዳር