በማሊያ ጅሬን፦ የታሪክና ቱሪዝም ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«ቲቸር፣ አባ ጅፋር ማለት ክለቡ አይደለም እንዴ?»

የጠየቀኝ በጥር መጨረሻ ለትምህርት ቤቶች ስፖርት ውድድር ከመጡት እንግዶቻችን አንዱ ነው። ማሊያውን እንደለበሰ ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ የንጉሥ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጃፍ ቆሟል። ልጁ አልተሳሳተም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን በተቀላቀለበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን ሲወስድ ስሙ አገር ምድሩን አዳርሷል። ኳስ የሚወድ ልጅ ከንጉሡ በፊት ክለቡን ቢያውቅ ምን ይገርማል?

የመለሰችለት የክበባችን አባል የሆነች የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ክለቡ የተሰየመው በንጉሡ ነው። የንጉሡ ስም ደግሞ የፈረስ ስም ነው» አለችው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ እንደተባሉት ሁሉ። ልጁ ዞር ብሎ ጓደኞቹን ጠራ። «ኑ ስሙ! የፈረስ ስም ነው አሉ!» ሁሉም ተሰበሰቡ። እኔ ዳር ቆሜ ነበር፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ሐሳቡ የመጣው አምና ነው። ለውድድር የመጡ ተማሪዎች እኛ ግቢ ሲያርፉ የማታ ተረኛ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው ያድራሉ። ጨዋታ ሲደርስ ይወጣሉ፣ ሲያልቅ ይመለሳሉ። በመሃል ያለውን ሰዓት ሁሉ ስልካቸው ላይ ተጥደው ይውላሉ። ከአዲስ አበባ የመጡት 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ነው። በአራተኛው ቀን አውቶቡሳቸው ሲወጣ ከጅማ ያዩት ሜዳውንና የኛን ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነበር። በጣም ቆጨኝ። መስከረም ላይ ክበቡ ሲሰበሰብ ያቀረብኩት ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፦ ዘንድሮ እንግዳ ሲመጣ አስጎብኚዎቹ እኛ እንሁን።

ለማሳየት ግን መጀመሪያ ማየት ይጠይቃል። ከ23 አባላት ጅሬን ወጥተው የሚያውቁት ስድስት ብቻ ነበሩ። ሁሉም እዚሁ ተወልደው ያደጉ ናቸው። እናም የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማችንን ስንዞር ከረምን። ሙዚየሙን፣ ጅሬንን፣ የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች ያሉበትን ፈረንጅ አራዳን፣ ገበያውን። እያንዳንዱ አባል አንድ ቦታ ወሰደና ስለዚያ ቦታ ቤቱ ያሉ ትልልቅ ሰዎችን ጠየቀ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ማስረዳት እንዲችሉ አለማመድናቸው።

የስፖርት መምህራችን አንድ ነገር በግልጽ ነገረን። ተጫዋች ቱሪስት አይደለም። ነገ ጨዋታ ያለበትን ልጅ ዛሬ ዳገት አታስወጡትም፣ ፀሐይ ላይ አታቆሙትም፣ ያልለመደውን አታበሉትም። ልክ ነበር። ስለዚህ ከተማዋን በእግር ድካም ከፋፈልናት። ጨዋታ ባለበት ቀን ሙዚየሙንና ፈረንጅ አራዳን፣ ያውም ከሁለት ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ። በእረፍት ቀን ገበያውን። ጅሬን ደግሞ ውድድሩን ለጨረሰ ቡድን። የተሸነፈ ቡድን ቀኑን ሙሉ ፍራሽ ላይ ከሚተክዝ ጅሬን ቢወጣ ይሻለዋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ጅሬን ከመሃል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባጃጅ ይወጣል፤ እኛ ግን የመጨረሻውን ዳገት በእግር አደረግነው። ላይ ሲደርሱ ጅማ ሙሉ ለሙሉ ከታች ትታያለች። ቆርቆሮዋ፣ ዛፏ፣ ሁሉ ነገሯ። ቤተ መንግሥቱ የእንጨት ሥራ ነው፤ ፎቅ አለው፣ ሰፊ በረንዳ አለው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1870 ዓ.ም. ጀምሮ ከ50 ዓመት በላይ ነግሠዋል። በጊቤ ወንዝ አካባቢ ከነበሩት አምስቱ የጊቤ መንግሥታት ጅማ ራሷን ችላ ረጅም ጊዜ የቆየችው በሳቸው ብልሃት ነው። ያለ ጦርነት ለምኒልክ ገበሩ፤ ግብራቸውን እየላኩ አገራቸውን ራሳቸው አስተዳደሩ። እናታቸው ጉሚቲ ናቸው እንዲህ እንዲያደርጉ የመከሯቸው ይባላል። ልጆቻችን ይህን ሲናገሩ እንግዶቹ ጸጥ ብለው ሰሙ።

ከሁሉ በላይ የማረካቸው ግን በረንዳው ነው። ንጉሡ ከቤተሰባቸው ጋር እዚያ ላይ ሆነው ታች ግቢው ውስጥ ትግል ሲካሄድ ይመለከቱ እንደነበር ይነገራል። «ስለዚህ ይሄ ትሪቡን ነበር ማለት ነው!» አለ አንደኛው ተከላካይ። ሁለቱ ወዲያው ሳሩ ላይ ትግል ገጠሙ። አሰልጣኛቸው ሊቆጣ ብሎ ተወው። የመረብ ኳስ ሴቶች ደግሞ የንጉሡ ቁመት ከሁለት ሜትር በላይ ነበር መባሉን ሲሰሙ የራሳቸውን ረጅሟን ልጅ በሩ ሥር አቁመው ለኩ።

ሐሙስ ለገበያ የተመደበ ቀን ነበር፤ የከተማችን ገበያ ሂርማታ ትልቁ ቀኗ ሐሙስ ነውና። አስጎብኚዋ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ዓይን አፋር። በ1950ዎቹ አንድ የውጭ አጥኚ በበጋ ወራት ገበያው እስከ 30 ሺህ ሰው እንደሚሰበስብ መዝግቧል። እሷም ይህን በቃሏ አጥንታ ነበር። እንግዶቹ ፊት ስትቆም ሁሉም ጠፋባት። ዝም አለች። እኔም ልገባበት ስል ድንገት «አያቴ እዚህ ጋ ቅቤ ትሸጥ ነበር» አለች። ሌሊት ተነስተው በእግር እንደሚመጡ፣ ቅቤው ፀሐይ እንዳያገኘው በኮባ ቅጠል እንደሚጠቀለል፣ ጨው ይዘው እንደሚመለሱ ነገረቻቸው። ቁጥሩን በኋላ አስታውሳ ጨመረችው። እኔ አስጎብኚ አሠለጠንኩ ብዬ ነበር፤ ከአያቷ የወሰደችውን ግን እኔ ልሰጣት አልችልም ነበር።

ከገበያው በርጩማ ወደሚጠርቡት ሄድን። የጅማ በርጩማ ምን እንደሆነ ለጅማ አንባቢ አልነግርም። ግን አንድ ነገር ልጻፍ። አንድ ሽማግሌ የዋንዛ ግንድ በእግራቸው ይዘው በመጥረቢያ ይጠርባሉ። ፍልጡ እየተፈናጠረ ልጆቹ ጫማ ላይ ይወድቃል። የአንደኛው ቡድን በረኛ ያለቀውን በርጩማ አነሳና ገለበጠው። ሦስቱን እግሮች በጣቱ ዳበሰ። «አባቢያ፣ ሚስማሩ የት ነው ያለው?» ሽማግሌው ሥራቸውን አቆሙ። በርጩማውን ተቀብለው መቀመጫውና እግሩ የሚገናኙበትን ቦታ አሳዩት። ስፌት የለም፣ ሚስማር የለም፣ ሙጫ የለም። የእንጨቱ መስመር ከመቀመጫው ወርዶ እግሩ ውስጥ ይገባል። «አንድ እንጨት ነው» አሉት። ልጁ የምሳ ገንዘቡን ከጓደኞቹ ጋር አዋጥቶ ገዛው።

ቡናውን እንግዶቹ ያዩት የአንድ የክበባችን አባል እናት ግቢያቸው ጠርተውን ነው። አብዛኞቹ እንግዶች ቡና ሲጠጣ እንጂ ዛፉን አይተው አያውቁም። ጀንፈሉ፣ ከነገለባው ያለው ቡና፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ነበር። አንዷን ፈልፍለው ሁለቱን ፍሬዎች ሲያገኙ እንደ ሕፃን ተደሰቱ። ለሚጫወቱት ቡናው ቀርቶ ብርዝ ተቀዳላቸው። አጋሮ አጠገብ ያለችውን ጮጬን፣ የቡና መገኛ ናት የምትባለውን፣ ማሳየት እንፈልግ ነበር፤ ሰዓቱ አልበቃንም።

ፈረንጅ አራዳን በአጭሩ አለፍነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጅማን የአስተዳደር ማዕከል አድርጎ ስለሠራት የዚያ ዘመን ሕንፃዎች ዛሬም አሉ። ለእንግዶቹ ያን ያህል አልያዛቸውም፤ ለሚቀጥለው ዓመት አተራረካችንን ማስተካከል አለብን። ሙዚየሙን ወደዱት፣ የንጉሡን ዕቃዎች በተለይ። ቦዬ ውሃ ዳር በጠዋት ወፍ ለማየት የወጡት ግን አራት ብቻ ናቸው። ትናንት 90 ደቂቃ የሮጠን ልጅ በ12 ሰዓት መቀስቀስ ትክክል አልነበረም። በከሰዓት ብናደርገው ኖሮ ብዙዎቹ ይመጡ ነበር።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ያየነውን ሁሉ ደብተር ላይ አሰፈርን። የትኛው ቦታ ከሜዳው ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ ባጃጅ ስንት እንደሚያስከፍል፣ የት ጥላ እንዳለ፣ የት ውሃ እንደሚገኝ። ከአያቶች የተሰበሰበው ታሪክ ለብቻው ተጽፏል፤ ማን እንደነገረውም ተመዝግቧል። ደብተሩ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ። እየጨመርንበት ነው፤ ቤታችሁ ስለ ጅማ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ካለ ጠይቃችሁ ንገሩን።

ከትምህርት ቤቱ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የውድድሩ መርሐ ግብር ሲወጣ ቀድሞ ይድረሰን፤ የእረፍት ቀናቱን ካላወቅን ማቀድ አንችልም። ሁለተኛ፣ ለአስጎብኚዎቻችን የሚለይ ቀለም ያለው ሰደርያ ይገዛልን፤ ገበያ ውስጥ እንግዶቹ ሁለት ጊዜ ጠፍተውብናል።

በረኛው ልጅ የተሳፈረበት አውቶቡስ ሲወጣ በርጩማውን ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር። ከላይ ሻንጣው ጋር እንዲጭነው ቢጠየቅም እምቢ አለ።

የአዲስ አባላት ምዝገባ መስከረም በሁለተኛው ሳምንት ይጀምራል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጅሬን ነው፤ ውሃና ምቹ ጫማ ያዙ። ዝናቡ ገና ስለማያበቃ ጃንጥላም አትርሱ።