ከወንጀል ነጻ ወረቀት ብቻውን ልጆችን አይጠብቅም፦ ለትምህርት ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የትምህርት ሚኒስትር፣

ትምህርት ቤት ውስጥ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ማንበብ የከበዳቸውን ትንንሽ ልጆች አስጠናለሁ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ባሉ ሰዎች ላይ በር እንዲዘጋ ፈልጌ አይደለም፤ ብዙ ሰው መጥቶ ቢያግዝ ደስ ይለኛል። የምጽፈው አንዴ በሩን ካለፍን በኋላ ዞር ብሎ የሚያየን ስለሌለ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የሆነውን ልንገርዎ። ጥበቃው ስሜን ጠይቆ መዝገብ ላይ ጻፈ። መታወቂያ አሳይ አላለኝም። ቢሮ ውስጥ ከወንጀል ነጻ መሆኔን የሚገልጸውን ወረቀት ተቀብለው ፋይል ውስጥ ከተቱት። በቃ፣ ያ ነበር ማጣሪያው። ከዚያ አንዲት ትንሽ ልጅ ጠርተው ከዕቃ ማስቀመጫው አጠገብ ወዳለ ጠባብ ክፍል ላኩን። በሩ መስታወት የለውም። ክፍት እንዲሆን ድንጋይ ያስደገፍኩበት እኔው ነኝ። እንዲህ አድርግ ያለኝ ማንም የለም።

ወረቀቱ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ነገር ግን የሚያሳየው ተይዞ የተፈረደበትን ሰው ብቻ ነው። በልጆች ላይ ከሚደርሰው ጥቃት ብዙው ደግሞ ፖሊስ ጋ አይደርስም። አድራጊው ብዙ ጊዜ ልጁ የሚያውቀው፣ ቤተሰቡም የሚያምነው ሰው ነው። ቀስ እያለ ይቀርባል። ስጦታ ይሰጣል፣ ለማንም የማይነገር ምስጢር ያበጃል፣ ልጁን ለብቻው የሚያገኝበትን ሰበብ ይፈልጋል። ይህ በፋይል አይታይም። የሚታየው በየቀኑ ለሚከታተል ሰው ነው።

እንግሊዝ ውስጥ፣ ሶሃም በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የትምህርት ቤት ሠራተኛ የነበረ ሰው ሁለት የ10 ዓመት ልጃገረዶችን ገደለ። ሰውየው ከዚያ በፊት በተደጋጋሚ ለፖሊስ አቤቱታ ቀርቦበት ነበር። መረጃው ግን የቀጠረው ትምህርት ቤት ጋ አልደረሰም። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ በይፋ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ ሕግ ወጣ። ሕጉ የመጣው ሁለት ልጆች ካለቁ በኋላ መሆኑ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በእኛ በኩል አቤቱታው ፖሊስ ጋ እንኳ ሳይደርስ የሚቀርበት መንገድ አለ። አንድ በጎ ፈቃደኛ ሲጠረጠር «የትምህርት ቤቱ ስም እንዳይጠፋ» ተብሎ በዝምታ ይሰናበታል። ነገሩ ተድበስብሶ ያልፋል። ሰውየው ደግሞ ወረቀቱ ንጹሕ ስለሆነ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዶ ይመዘገባል። ክቡር ሚኒስትር፣ ከሁሉ በፊት ይህ እንዲቆም እለምንዎታለሁ። ጥርጣሬ ሲነሳ ሰውየው ከልጆች ገለል ይበል፤ ጉዳዩ በአሉባልታ ሳይሆን በሚመለከተው አካል ይጣራ። ውጤቱም ለሚቀጥለው ትምህርት ቤት የሚደርስበት መንገድ ይኑር።

መመሪያ ያውጡልን። ትምህርት ቤቱ ሰውየውን ከዚህ በፊት ከልጆች ጋር ሲሠራ ያዩትን ሰዎች ደውሎ ይጠይቅ። የምስክር ወረቀት ማንበብና ሰው ማናገር ለየቅል ናቸው። በየትምህርት ቤቱ በጎ ፈቃደኞችን የሚከታተል አንድ ኃላፊ በስም ይታወቅ። ማንም በጎ ፈቃደኛ ከአንድ ልጅ ጋር ከሰው ዕይታ ውጪ ብቻውን አይሁን። በግል ስልክ መጻጻፍ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ስጦታ መስጠት፣ በመኪና መሸኘት እስከ ምን ድረስ እንደሚፈቀድ በግልጽ ይጻፍ። እኔ ጠይቄ መልስ የሚሰጠኝ አላገኘሁም። እንዲህ ያለው ደንብ ቅን ሰውንም ከሐሜት ያድነዋል። የማጣሪያ ወረቀቱ ደግሞ ለበጎ ፈቃደኛ በነጻ ይሁን፤ እንግሊዝ ውስጥ አይከፈልበትም። ጊዜውን በነጻ ከሚሰጥ ሰው ገንዘብ መጠየቅ ደግ ሰው ማሸሽ ነው።

ግዴታው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕጻናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 3 ሕጻናትን የሚንከባከቡ ተቋማት በደኅንነት፣ በሠራተኞቻቸው ብቃትና በተገቢ ቁጥጥር ረገድ የወጣላቸውን መስፈርት እንዲያሟሉ መንግሥታትን ያስገድዳል።

ረቂቁ ሲዘጋጅ ወላጆችን ይጠይቁ፣ እኛንም ይጠይቁ። ተማሪዎቹንም አይርሱ፤ በግቢያቸው ውስጥ የትኛው ቦታ እንደሚያስፈራቸው እነሱ ያውቃሉ። አንድ ነገር ቢገጥማቸው ለማን እንደሚናገሩ የሚያውቁ መሆናቸውንም ያኔውኑ ይጠይቋቸው።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የንባብ አስጠኚ በጎ ፈቃደኛ