ማሂዬ፣ አልቀረችም በይልኝ

ማሂዬ፣

ይኸው ጠፍቼ ጠፍቼ ስቸገር ብቅ አልኩ። አመሌን ታውቂዋለሽ። ከሰርግሽ በኋላ ለምን ዝም እንዳልኩ ስመለስ ቁጭ ብለን እናወራዋለን፤ ያኔ የፈለግሽውን ያህል ትቆጪኛለሽ። ይቅርታ። በእውነት ይቅርታ። አሁን ግን ሮም ነኝ፣ የማስቸግርሽም ጉዳይ አለኝ።

እማዬ ጋ ሂጂልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦርሳዬን አዝዬ ለጉብኝት ስወጣ ሰፈሩ «ሄደች» ብሎ ዘጋው። ባለሱቋ እትዬማ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጅሽ ከዚህ አገር ተገላገለች» ብላታለች አሉ። እማዬም ስደውል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰው አገኘሽ? ወረቀቱን ጀመርሽ?» ትለኛለች። የምን ወረቀት? «እማ፣ የመመለሻ ትኬት አለኝ እኮ» ስላት «እሺ እሺ፣ ይሄ በስልክ አይወራም» ብላ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች። ስልካችን የተጠለፈ ይመስል!

ሳቂ፣ ሳቂ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

እዚህም ያው ነው። መጀመሪያ የወረድኩት ተርሚኒ፣ ዋናው ባቡር ጣቢያ ነበር። ከፊቱ ያለው የአውቶቡስ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንክዌቼንቶ ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ እነማን መሰሉሽ? እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። የሟቾቹ ስም የተጻፈበት ሐውልትም ከጣቢያው አለፍ ብሎ ቆሟል። ሰዉ በአደባባዩ ላይ ሻንጣውን እየጎተተ ይተላለፋል፣ እኔ መሃል ቆሜ ብቻዬን እስቃለሁ። የታሪክ አስተማሪያችን ቢያዩኝ ኖሮ ክፍል ውስጥ እሰማ እንደነበር ያምኑ ነበር።

ሳቄን ሳልጨርስ አንድ ሐበሻ ልጅ ተጠጋኝ። ቦርሳዬን አየ፣ ፊቴን አየ።

«መቼ ገባሽ?»
«ዛሬ።»
«በሊቢያ ነው?»
«በቦሌ።»
«አሻራ ሰጠሽ?»

ለቪዛው የሰጠሁትን መስሎኝ «አዎ» ስለው ከንፈሩን መጠጠልኝ። ለካ እዚህ አሻራ የሰጠ ስደተኛ ሌላ የአውሮፓ አገር ሄዶ ጥገኝነት ቢጠይቅ ወደዚሁ ሊመልሱት ይችላሉ። ልጁ ያዘነልኝ ለዚያ ነው። «ለመዞር ነው የመጣሁት፣ እመለሳለሁ» አልኩት። «እሺ እህቴ፣ ለእኔ እንኳ አትደብቂኝ» ብሎ ጣቢያው አካባቢ ካሉት የሐበሻ ቤቶች አንዱ ውስጥ አስገብቶ ሽሮ ጋበዘኝ። ልከፍል ብል አሻፈረኝ አለ። «ለመንገድሽ ይሁንሽ» አለኝ። የትኛው መንገድ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። አጠገባችን እኔን የምታህል ቦርሳ ያዘለች ፈረንጅ ተቀምጣ እንጀራ በሹካ ትበላ ነበር። እሷን ማንም አሻራ ሰጠሽ አላላትም።

ስለ ከተማዋ ልንገርሽ እንጂ። ቡናቸውን ቆመው ነው የሚጠጡት፣ ታምኛለሽ? መጀመሪያ ሂሳብ ትከፍያለሽ፣ ደረሰኝሽን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጫለሽ፣ ስኒዋ ትመጣለች፣ ሁለቴ ፉት፣ በቃ! ቁጭ ካልሽ ብዙ ቦታ ዋጋው ይጨምራል። እኛ ቤት ቡናው ገና ሳይታጠብ እነሱ ጠጥተው ሥራ ገብተዋል። ፓንቴዎንን አየሁት። ጣሪያው መሃል ላይ ክፍት ነው፤ ዝናቡ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ወለሉ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይወርዳል፣ ሕንፃው እንዲህ ሆኖ 1,900 ዓመት ገደማ ኖሯል። መንገዱ በጥቁር ትንንሽ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፣ ቁርጭምጭሚቴን ጨረሰው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ውሃው ነው። በየመንገዱ ዳር የብረት ቧንቧ ቆሟል፣ ናዞኒ ይሏቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ የነበሩ ናቸው፣ ዛሬ 2,500 ያህል አሉ ይባላል። በነጻ ነው፣ ሲፈስ ይውላል፣ ሲፈስ ያድራል። አንዲት አሮጊት ናቸው አጠጣጡን ያሳዩኝ፦ የቧንቧውን አፍ በጣትሽ ስትደፍኚው ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃው ቱር ብሎ ወደ አፍሽ ይመጣል። እጅ ያደነዝዛል። የኛ ሰፈር ጀሪካኖች በሰልፍ ታዩኝ። ውሃ የሚመጣበትን ሌሊት እየጠበቅን ያደርንበትን አስታውሼ ተናደድኩ፣ ከዚያ ደግሜ ጠጣሁ።

ፖርታ ካፔናም ሄጃለሁ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ኦሎምፒክ ማራቶን በባዶ እግሩ ያንን ሞሮኳዊ ተፎካካሪውን ጥሎት የሄደው እዚያ፣ የአክሱም ሐውልታችን ቆሞ በነበረበት አጠገብ ነው። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ 68 ዓመት እዚህ ቆይቶ በ2005 አክሱም ገባ። ይህን ለእማዬ ንገሪያት። ያ ሁሉ ድንጋይ የተመለሰ እኔ ልቀር ነው እንዴ?

እሺ… አንድ ነገር አለ። ልነግርሽ አላሰብኩም ነበር።

ፒያሳ ቪቶሪዮ መናፈሻው ውስጥ አንዲት የኛ ሴት አገኘሁ። አሮጊት ነው የምትጠብቀው። በአንድ እጇ ብርቱካን በክፍል በክፍል እያደረገች ሲኞራዋን ታጎርሳለች፣ ሌላው እጇ ላይ ኢሞ ተከፍቷል፤ እናቷ ከወሎ «በላሽ ወይ?» ይሏታል። «በላሁ እማዬ» ትላለች። ገና አልበላችም፣ እኔ ምስክር ነኝ። ስንላመድ «አንዲት ሲኞራ ሰው ይፈልጉላታል፣ ማደሪያም አለው። ሞኝ አትሁኚ» አለችኝ።

የዚያን ሌሊት አልተኛሁም። ዩሮውን በብር አባዛሁት። ደግሜ አባዛሁት። የእማዬን ጣሪያ ሠራሁ፣ ታናሼን ኮሌጅ አስገባሁ፣ ለአንቺም ለአራስ ጥየቃ የሚሆን ወርቅ ገዛሁ (እርጉዝ ነሽ የሚባለው እውነት ነው? ከሰው መስማቴ ይገባኛል)። ሲነጋ ትኬቴን አውጥቼ አየሁት። እመጣለሁ ማሂ። ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ፈቃድ ወስጄ ነው የመጣሁት፣ ቤቴም እዚያ ነው። ብቻ… ሴት ልጅ በእኩለ ሌሊት አይስክሬም እየላሰች ብቻዋን የምትሄድበትን መንገድ ማየት ትንሽ ያውካል። ይኼው ነው።

የምፈራው ሌላ ነው። እማዬ በሩን ከፍታ ስታየኝ ፊቷ ላይ የሚመጣውን ነው የምፈራው። እኔን ማየት ትወዳለች፣ አውቃለሁ። ግን ከደስታዋ በፊት ያቺ አንድ ቅጽበት አለች አይደል? «ምነው? መለሱሽ?» የምትልባት። እሷን ማየት አልፈልግም።

ስለዚህ ቀድመሽ ሂጂና አለስልሺልኝ። ማንም አላባረራትም፣ በገዛ ገንዘቧ ዞራ፣ ሥራዋ ላይ ልትገባ ነው የምትመጣው በያት። ለባለሱቋ እትዬም ይሰማ ዘንድ ጮክ ብለሽ ተናገሪ። ረቡዕ ጠዋት ነው የምገባው። ቦሌ አትምጪ፤ እማዬ ጋ ሁኚልኝ፣ ቡናውም እንዳይቀድመኝ።

ለባልሽ ሰላም በይልኝ፤ አሁንም ያንኮራፋል? ምን ላምጣልሽ? ጫማ እንዳትይኝ፣ ቦርሳዬ ሞልቷል።

ያንቺው
ጠፊዋ