ተራራ ላይ «ወረዳ ስንት?» ተብሎ ሲጠየቅ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ተራሮችን፣ የደን መንገዶችንና የድንገተኛ ሕክምና ጥሪን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት

ክቡር ኃላፊ፣

ወንድማችን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከከተማችን ዳር ካሉት ተራሮች በአንዱ ሽቅብ ሲወጣ ወደቀ። ልቡ ቆሞ ነበር፤ አልተረፈም። የሦስት ልጆች አባት ነው። ራስ ዳሸንን ወጥቷል፣ ባሌ ተራሮች ሰኔቲ ላይ ድንኳን ተክሎ አድሯል፣ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ሕመም አልነበረበትም። ስሙን የማንጽፈው ቤተሰቡ ስላልፈለገ ነው። ቦታውን የማንጠራው ደግሞ በወር ደመወዙ የሚያድር አንድ ጥበቃ እንዳይወቀስበት ብለን ነው።

ጀብዱ ይወድ ነበር፤ ጥንቃቄው ግን ያሰለች ነበር። በክረምት መብረቁ ከሰዓት ስለሚበረታ «ከስድስት ሰዓት በፊት ከራስጌው የማይወርድ ሰው አይከተለኝ» ይላል። ከሻንጣው በሶ የተበጠበጠበት ኮዳና ሌላው የጣለውን ፕላስቲክ የሚለቅምበት ማዳበሪያ አይጠፉም። ልጆቹን ሱባ ጫካ ይዞ ሲገባ ጽድን በሚላጠው ቅርፊቱ፣ ጉሬዛን ከማየታቸው በፊት በድምፁ እንዲለዩ ያስተምራቸው ነበር። ትንሿ ልጅ ዛሬም ከብዙ ትልልቅ ሰዎች በላይ ዛፍ ትለያለች።

ሐውልት አንጠይቅም። መንገድ በስሙ ይሰየም አንልም፤ ቢሰማ ይስቅብን ነበር። ከእኛ መካከል የሕክምና ባለሙያዎችም መንገድ መሪዎችም አሉ፤ ምናልባት ምንም ቢደረግ አይተርፍም ነበር፣ ይህን እናውቃለን። የምንጽፈው በዚያ ጠዋት የጎደለው ነገር ሁሉ በጥቂት ገንዘብ የሚሟላ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ የጎደለው አድራሻ ነው። የድንገተኛ ሕክምና ጥሪውን ያነሳው ሠራተኛ ትሕትና አልጎደለውም። ጥያቄዎቹ ግን ለከተማ የተሠሩ ናቸው፦ ክፍለ ከተማ? ወረዳ? ልዩ ስሙ ማን ይባላል? ጫካ ውስጥ ቆሞ «ወረዳ ስንት» ለሚል ጥያቄ ምን ይመለሳል? «ከትልቁ ባሕር ዛፍ ከፍ ብሎ» ቢሉትስ፣ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ የሌለበት የት አለ? በዚያ ላይ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በየረር፣ በፉሪና በወጨጫ በኩል የከተማውና የኦሮሚያ ወሰን የት ላይ እንደሚያልፍ ቁልቁለት ላይ የቆመ ሰው አያውቀውም። ጥሪው ከአንዱ ወደ ሌላው እስኪተላለፍ ደቂቃው ይነጉዳል።

መፍትሔው ምሰሶ ነው። በዋና ዋናዎቹ የእግር መንገዶች ላይ በየ250 ሜትሩ አንድ ቁጥር ያለበት ምሰሶ ይተከል። እንዲህ ከሆነ ማንም ሰው ከቅርቡ ምሰሶ ከ125 ሜትር በላይ አይርቅም፤ በ500 ሜትር ቢራራቅ ግን ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ሽቅብ ሮጦ ቁጥር አንብቦ መመለስ ሊኖር ነው። ብረት አይሁን፤ ለቆራሌው ሲሳይ ነው። ባሕር ዛፍም ምስጥ ይበላዋል። የጽድ ግንድ፣ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ 60 ሴንቲ ሜትሩ የሚቀበር፣ ዙሪያው በድንጋይ የተጠቀጠቀ ይሁን፤ በአፈር ብቻ የተሞላ ጉድጓድ ክረምት ሲገባ ይላላል። ቁጥሩ በመሮ ይቀረጽና በቀለም ይሞላ፤ ቀለም ብቻውን ይላጣል፣ የተቀረጸው ግን በጣትም ይነበባል። ከላይ ለሚመጣም ከታች ለሚመጣም እንዲታይ በሁለቱም ፊት ይጻፍ። የተራራው ፊደል ከፊት ይቅደም፤ «እ-14» ሲባል እንጦጦ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ሕያው ዛፍ ላይ ሰሌዳ መቸንከር ቀላል ይመስላል፤ ዛፉ ይቆስላል፣ ከዓመታት በኋላም ቅርፊቱ ሰሌዳውን ይውጠዋል።

ምሰሶው ብቻውን ግን እንጨት ነው። የእያንዳንዱ ቁጥር የጂፒኤስ ነጥብና አምቡላንስ የሚደርስበት የቅርቡ በር የተጻፈበት ሠንጠረዥ በድንገተኛ ጥሪ ቁጥሮቹ በ939ም በ907ም ስልክ አንሺዎች ፊት ይቀመጥ፤ የኦሮሚያ በኩል ጥሪ ተቀባዮችም ያንኑ ይያዙ። ከሸንተረሩ ጀርባ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥና ድምፅ የማያልፍበት ቦታ አጭር መልእክት ስለሚያልፍ፣ የምሰሶውን ቁጥር በመልእክት የሚቀበል አንድ መስመር ቢኖር ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት አምቡላንስ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። ልቡ የቆመ ሰው ደረቱን የሚጫንለት ካላገኘ የመዳን ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። እኛ አገር የሚደረገው ግን ይታወቃል፦ ውሃ ይረጫል፣ ክብሪት ተጭሮ ይሸተታል፣ ሰው ይከባል፣ ከዚያ ተሸክሞ ሩጫ ነው። ከሁሉ የሚያሳስተው ማጣጣሩ ነው። ልብ ከቆመ በኋላ ሰውየው ለጥቂት ደቂቃ እያንኮራፋ አልፎ አልፎ አየር ሊስብ ይችላል፤ ዙሪያውን የቆመው «ይተነፍሳል፣ አትንኩት» ይላል። ያ ትንፋሽ አይደለም። ጠርተውት የማይመልስ፣ ትክክለኛ ትንፋሽም የሌለው ሰው በዚያው በወደቀበት፣ በጠፍጣፋ መሬት ላይ ደረቱ ይጫን። በሁለት ጡቶቹ መካከል፣ በመዳፍ ሥር፣ ክንድ ሳይታጠፍ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ከእያንዳንዱ ግፊት በኋላ ደረቱ ተመልሶ እስኪነሳ ይለቀቅ። የሠለጠነ ሰው ካለ በየ30ው ሁለት ትንፋሽ ይሰጣል፤ ከሌለ መጫኑ ብቻ ሳይቋረጥ ይቀጥል። ተራራ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የሚጫነውም ሰው ቶሎ ይዝላል፤ «አልደከመኝም» ቢልም በየሁለት ደቂቃው ይቀየር። በቃሬዛ እየሮጡ በደንብ መጫን አይቻልም።

ይህን ለበር ጥበቃዎች፣ ለደን ጠባቂዎች፣ እንጨት ለቅመው ለሚያልፉ እናቶችና ለፈረስ አከራይ ልጆች ማሠልጠን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እነሱ ሁልጊዜ እዚያው ናቸው። በመለማመጃ አሻንጉሊት ላይ እጃቸው እንዲለምደው ይደረግ፤ በወረቀት የተማረ ሰው ደረት ለመጫን ይፈራል። ሌላም ፍርሃት አለ፦ «ብነካውና ቢሞት ፖሊስ እኔን ነው የሚጠይቀው»። መሥሪያ ቤትዎ ከፖሊስ ጋር ተነጋግሮ የረዳ ሰው እንደማይጉላላ በየበሩ በግልጽ ቢለጥፍ ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል።

ስለ ልብ ማስነሻ ማሽኑ፣ ኤኢዲ ስለሚባለው፣ ባጭሩ እንበል። በዋና በሮች ላይ አንዳንድ ይቀመጥ። ሲገዛ በምን ቋንቋ እንደሚናገር ይጠየቅ፤ በእንግሊዝኛ የሚያዝ ማሽን ለብዙ ጥበቃ ጩኸት ብቻ ነው። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የማይናገር ከሆነ ሥዕል ያለበት ወረቀት ክዳኑ ላይ ይለጠፍ፦ አንዱ ፓድ (ደረት ላይ የሚለጠፈው) ከፊት ካለው ከቀኝ የአንገት አጥንት በታች፣ ሌላው በግራ ብብት ሥር፣ ላብ ወይም ዝናብ ካለ ደረቱ መጀመሪያ ይጠረግ። ፓዱና ባትሪው የማብቂያ ቀን ስላላቸው ቀኑን የሚመዘግብ ሰው በስም ይመደብ። ቁልፉ ቢሮ ተቆልፎበት ቅዳሜና እሑድ የማይገኝ ማሽን ባይገዛ ይሻላል።

ቁልፍ ካልን፣ መኪና በሚያስገባው በር ላይ ያለው ሰንሰለት አለ። ሰንሰለቱ ዛፍ ለሚሰርቅ መኪና የተደረገ ነው፣ ትክክልም ነው። አምቡላንሱ ግን ከሰንሰለቱ ውጭ ቆሞ ቁልፍ የያዘው ሰው ከቤቱ እስኪጠራ ይጠብቃል። አንድ ቅጂ በአምቡላንስ ጣቢያው፣ አንድ በተረኛው ጥበቃ አንገት ላይ ይዋል። በሩ ላይም የተረኛው ስልክ ቁጥር ይጻፍ።

በእንጦጦና በወጨጫ የምንመላለስባቸውን መንገዶች ነጥቦች ለክተን ካርታውን አዘጋጅተናል፤ ጉድጓዱንም ራሳችን እንቆፍራለን። ከመሥሪያ ቤትዎ የሚጠበቀው የመትከያ ፈቃድ፣ የጽድ ግንዱ ከወደቀ ዛፍ እንዲሰጠን የደብዳቤ ትብብርና ሠንጠረዡን ከጥሪ ተቀባዮች ጋር የሚያገናኝ አንድ ባለሙያ ነው። መስከረም ሲጠባ መሬቱ ገና ሳይደርቅ ለመቆፈር ስለሚቀል፣ መልሱን ከነሐሴ ማብቂያ በፊት ብናገኝ እንወዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የተራራ ባልንጀሮቹ

አባሪ፦ የመንገዶች ካርታና የምሰሶ ነጥቦች ሠንጠረዥ
ግልባጭ፦ ለአምቡላንስ ስምሪት ክፍሎች፣ ለደን ጥበቃ ጽሕፈት ቤቶች