ከእናታችን በር እስከ አስፓልቱ፦ ለሰፈራችን መንገድ የድጋፍ ጥሪ

ለሰፈራችን ሰዎች፣ እዚሁ ተወልዳችሁ ዛሬ ዲሲም ጅዳም ላላችሁ ሁሉ፣ ጤና ይስጥልን።

እናታችንን አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ። እንጀራዋን ያልበላ የሰፈር ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ዓይኗ ነው። ገንዘብ የምንጠይቃችሁ ግን ለመንገዱ ነው።

በሽታው ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ ይባላል። በዘር የሚተላለፍ ነው። በዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ያሉት ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። መጀመሪያ የሚሄዱት በጨለማ የምናይባቸው ናቸው። ለዚህ ነው ለዓመታት «ዳፍንት ነው፣ ካሮትና ጉበት ብዪ» ስትባል የኖረችው። በላች። የቫይታሚን ኤ እጥረት ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር፤ አልተሻላትም። ከዚያ እይታዋ ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ መጣ።

አሁን ምጣዱ ላይ የእንጀራው ዓይን ሲወጣ አጥርታ ታያለች። የብር ኖትም አትሳሳትም። እግሯ ሥር ያለችውን በርጩማ ግን አታያትም። ከጎን ለሰላምታ የተዘረጋላትን እጅም እንዲሁ። «ምነው ኮራችብን?» ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል። አንቀየምም። ሳንቲም ለይታ ስትቆጥር ያያት ሰው፣ ወዲያው በርጩማ ሲጥላት ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

አያታችንም በመጨረሻ ዘመናቸው በልጅ እየተመሩ ነው የኖሩት። ያኔ «ምች ነው» ተባለ፣ «ለከፋ ነው» ተባለ። ሐኪሟ የቤተሰቡን ታሪክ ከሰማች በኋላ፣ በእኛ ቤት አካሄዱ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው አለችን። ሳንቲም ወደ ላይ እንደ መወርወር ማለት ነው። አራት ልጆች ነን፣ አራታችንም ታይተናል። ከመሀላችን ማታ መኪና መንዳት ያቆመ አለ። ማን እንደሆነ እዚህ አንጽፍም። የሚዳር ልጅ ያለው ቤት ምክንያቱን ያውቀዋል።

«ውጭ ወስዳችሁ አታሳክሟትም ወይ? ገንዘብ እንሰብስብላችሁ» ያላችሁን እግዜር ይስጥልን። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። አሜሪካ በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ የፈቀደችው ሉክስተርና የሚባል የዘረ መል ሕክምና አለ። የሚሠራው አርፒኢ65 በተባለ አንድ ዘረ መል ጉድለት ለመጣ ሕመም ብቻ ነው። ዋጋው ሲወጣ ለሁለት ዓይን 850 ሺህ ዶላር ነበር። ሐኪሟ እናታችንን አይመለከታትም ብላለች። ስለዚህ ለሕክምና ብላችሁ ወደ እኛ ቤት ብር እንዳትልኩ። ጸበሏን ትጠመቃለች፣ ማንም አይከለክላትም። ነጭ በትር ይዞ መሄድ የምታለማምዳት መምህርት አግኝተናል፤ ራሷም ዓይነ ስውር ናት፣ ቀልደኛ ነች፣ እናታችንን ገና በመጀመሪያው ቀን አስቃታለች። የእሷን ክፍያ እኛ ልጆቿ እንችላለን።

የማንችለው መንገዱን ነው። ከእናታችን በር እስከ አስፓልቱ 180 ሜትር ገደማ ይሆናል። የጎርፍ መውረጃው ቱቦ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ነው። ክረምት ላይ ውሃ ሲሞላ መንገዱና ቱቦው አይለዩም። ነጭ በትርም እዚያ ቦታ ላይ ብዙ አይረዳም፤ ውሃ ውስጥ ምኑን ይነካል? ባለፈው ክረምት ቱቦው ውስጥ የገባችው ደግሞ እናታችን ብቻ አይደለችም። ተማሪዎች ገብተዋል፣ አንድ ሞተረኛም ከነሞተሩ ገብቷል። ለኪዳን በጨለማ የምትወጡ እናቶችማ እናንተው ታውቁታላችሁ።

እድሩ ጉዳዩን ተቀብሎ ሥራውን በስሙ ይዞታል። ቱቦው በኮንክሪት ክዳን ይሸፈናል። የመንገዱ ጠርዝና የደረጃዎቹ አፍ ደማቅ ቢጫ ይቀባሉ፤ እይታው ለደከመ ሰው ይህ ቀለም ብቻውን ብዙ ያግዛል። ዳገቷ ላይ ከቱቦላሬ የተሠራ መደገፊያ ይቆማል። ማታ መንገዱን የሚያበሩ ባውዛዎች ከየቤቱ ቆጣሪ ይቀጠላሉ፤ ስድስት ቤት እሺ ብሏል፣ ቆጣሪ ለማጋራት እሺ ማለት ደግሞ በዚህ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም። ጉልበቱን የሰፈሩ ወጣቶች ችለውታል፣ ብየዳውን ጎረቤታችን በነፃ ይሠራል።

የጎደለው ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ አሸዋና ጠጠር፣ ቱቦላሬ፣ ቀለምና ገመድ ነው። በዓይነት የምትሰጡ አንድ ኩንታል ሲሚንቶም ብትሆን አምጡ። በገንዘብ የምትሰጡ ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ። በእኛ እጅ አንድም ብር አይገባም፤ ወጪው የሚወጣው በሦስት ፊርማ ነው። ውጭ ያላችሁ እዚህ ባለ ቤተሰባችሁ በኩል ለእድሩ አድርሱ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስተው ይልኩላችኋል። የተገዛው ዕቃ ከነዋጋው በየሳምንቱ እድሩ በር ላይ ይለጠፋል።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት ቱቦው ክዳኑን መልበስ አለበት። ቁፋሮው የሚጀመረው በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ከእኛ በር ነው። አካፋና ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ገንዘቡ ከተረፈ፣ ሥራው ወደ ወፍጮ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ይቀጥላል።