ለአባታችን ተማሪዎች፦ እግዜር ይስጥልን

አባታችን ከሆስፒታል ወጥቷል። ብዙዎቻችሁ እስካሁን እየደወላችሁ ስለሆነ መጀመሪያ ይሄን ልበል። የዳሌው ቀዶ ጥገና ተሳክቷል፤ በምርኩዝ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። አጥሚት ላይ ግን አልተስማማንም። "እኔ አራስ ነኝ እንዴ?" ብሎ አስቸግሮናል።

ባጃጅ ገጭቶት የወደቀ ቀን ከአስፋልት ላይ አንስተህ ሆስፒታል ያደረስከው ሌላኛው ባለ ባጃጅ፣ ሒሳብ አልቀበልም ብለህ ሄድክ፤ ስምህን እንኳ አልያዝንም። ዘርህ ይባረክ። ሐኪሞችና ነርሶች፣ እጃችሁን ቁርጥማት አይንካው። ሐዋሳ የአቶቴ ሰፈር ጎረቤቶቻችንና የዕድራችን አባላት፣ ምሳ ዕቃችሁ ቤታችን ተደርድሯል፤ እናደርሳለን።

ዋናው ግን የደሙ ነገር ነው። የአባታችን ደም ኦ ኔጌቲቭ ነው። ለማንም ሊሰጥ ይችላል፤ መቀበል የሚችለው ግን ከራሱ ዓይነት ብቻ ነው። እኛ ልጆቹ አንዳችንም አልገጠምንለትም። ታናሽ እህቴ ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። በማግስቱ ጠዋት ስንደርስ ደም ባንኩ በር ላይ ሰው ቆሟል። ከሻሸመኔ የመጣ አለ፤ ከዲላ ሌሊት ተነስታ የመጣች አለች። ዓይነታቸው እንደማይገጥም እያወቁ "ለሌላም በሽተኛ ይሆናል" ብለው የሰጡ ብዙ ናቸው። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነው፦ "ቲቸር እንዴት ነው?"

ይህን ደብዳቤ ያስረዘመው እዚያ ወረፋ ላይ የሰማነው ወሬ ነው። እኛ የምናውቀው ከሬዲዮ ጋር የሚከራከር፣ ዝምተኛ አባት ነው። ቀልድ እንኳ አይችልም፤ ጀምሮ መጨረሻው ይጠፋበታል። ጥሩ አስተማሪ ማለት ክፍሉን የሚያስቅ ይመስለኝ ስለነበር፣ ይህን ሁሉ ሰው ምን እንደሰበሰበው ለመስማት ጓጉቼ ነበር።

አብዛኞቻችሁ የምታነሱት የታቦር ተራራን ቀን ነው። ተማሪዎቹን ይዞ ተራራው ላይ ይወጣና የሐዋሳን ሐይቅ ያሳያቸዋል። "ጥቁር ውሃ ወንዝ በዚያ በኩል ይገባል። የሚወጣ ወንዝ ይታያችኋል?" አይታይም። "የሻላ ሐይቅም መውጫ የለውም፤ ውሃው ጨዋማ ነው። የእኛስ ሐይቅ ለምን ጨዋማ አልሆነም?" ከዚያ ዝም። መልሱን ሳይናገር ይዟቸው ይወርዳል።

ሳምንቱን ሙሉ ግምት መቀበል ነው። አንድ ልጅ "አሳው ጨውን እየበላው ነው" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አባታችን አልሳቀም። "ይሄን በምን እናረጋግጣለን?" ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈለት። ሌሎች ግምቶችም ከሥሩ ተደረደሩ። መልሱ የመጣው በሳምንቱ ነው፦ ውሃው በተሰነጣጠቀው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ለውስጥ እየሰረገ ይወጣል፤ ጨዉንም ይዞት ይሄዳል። ታሪኩን ያጫወተን ራሱ ባለ አሳው ነው፤ እጁ ላይ ፕላስተር ተለጥፎለት፣ ለስላሳ እየጠጣ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የተማራችሁት ደግሞ ከፕላዝማ፣ ክፍል ውስጥ በቴሌቪዥን ከሚሰጠው ትምህርት ጋር ታነጻጽሩታላችሁ። የሒሳቡ ፕላዝማ ይጠይቅና እናንተ እስክሪብቶ ሳታነሱ ራሱ ይመልሳል። የአባታችን ክፍለ ጊዜ ሲደርስ የሚጠብቃችሁ ሰው አገኛችሁ። አንዷ እንዳለችው "ዝም ብሎ ሲያየኝ መልሱን የማውቅ መሰለኝ።"

የአንዱን ግን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል አሳ እየሸጠ፣ አርፍዶ፣ አሳ አሳ እየሸተተ ይገባ ነበር። አባታችን በሰው ፊት "ለምን አረፈድክ?" አላለውም። ከክፍል በኋላ ጠርቶ ጠየቀው፤ በማግስቱም በሩ አጠገብ ቦታ ሰጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲገባ "ዛሬ ቆሮሶ እንዴት ነው? አምባዛስ?" ይለዋል። ልጁ የጀልባዎቹን ምርት ይነግረዋል፤ ቁጥሩ ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጻፋል። ወሩ ሲያልቅ ክፍሉ በሙሉ ግራፍ የሠራው በእሱ ቁጥር ነው። "ሽታዬን ሲጠየፉ የነበሩት ደብተሬን ሊገለብጡ መጡ" አለን።

መምህር ሻማ ነው፣ ራሱ እየቀለጠ ለሌላው ያበራል ይባላል። የመምህራን ቀን በመጣ ቁጥር የምንሰማው ነው። እኔ ግን አባቴ ሲቀልጥ አላየሁም። ደመወዙ ወር አያደርስም ነበር፤ እሱ እውነት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሻማ ማለት መፍትሔ አይሆንም። ከክፍል ሲመለስ ግን ደስ ብሎት ነው የሚመለስ። የማያውቀውን ሲጠይቁት "አላውቅም፣ ነገ አጣርቼ እመጣለሁ" ይልና ማታ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ያመሻል። እናቴ መብራት አጥፋ እያለች ትጨቀጨቃለች።

እያንዳንዳችሁን በስም ላመሰግን ብዬ ነበር። እሱ ግን አንዱ ቢረሳ ቅር ይለዋል ብሎ ከለከለኝ። የመጣችሁትን ሁሉ ከነአባታችሁ ስም፣ ከነተቀመጣችሁበት ወንበር ያስታውሳል።

አሁን ለጠያቂዎች፦ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ኑልን፤ ቀትር ላይ ይተኛል። ብርቱካን ይብቃን፣ በጣም ብዙ ሆኗል። ደም የሰጣችሁ ሦስት ወር ሲሞላችሁ ተመልሳችሁ ብትሰጡ ደስ ይለዋል፤ ለሌላ በሽተኛ ማለቴ ነው። ደግሞ አንድ መልእክት አለው፦ አትላሱን የወሰዳችሁ ልጆች፣ ማን እንደሆናችሁ ያውቃል። ስትመጡ ይዛችሁ ኑ ብሏል።