የበርሊን ሙዚቃዊ ስላቅ በክበባችን መድረክ፦ የቴአትርና ሙዚቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የቴአትርና ሙዚቃ ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን ሥራውን ሁሉ በአንድ ርእስ ዙሪያ አድርጎ ቆይቷል፤ እርሱም በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በጀርመን አገር የተሠራው፣ ባለሀብቱንና ሹሙን በዘፈን የሚሸነቁጠው ሙዚቃዊ ተውኔት ነው። ርእሱ የተመረጠው አባላቱ በመስከረም መጨረሻ ባነሡት ጥያቄ ምክንያት ነበር። በወላጆች በዓል በምናሳያቸው ድራማዎች ውስጥ ዘፈን የሚገባው ተመልካቹን ለማዝናናት ወይም ተዋንያኑ ልብስ እስኪቀይሩ ድረስ ጊዜ ለመሙላት ስለሆነ፣ ዘፈኑ ራሱ ነገሩን የሚሸከምበት ቴአትር አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ለዚህ ጥያቄ የዚያን ዘመን በርሊን ያህል መልስ የሚሰጥ ከተማ አላውቅም። በዚህ ዘገባ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘመኑን ሳያውቁ ስላቁን መረዳት ስለማይቻል፣ የጥቅምት ስብሰባዎቻችን ከታሪክ ትምህርት ክፍል ጋር በመተባበር ለዚሁ ዋሉ። ጀርመን በ1918 ተሸንፋ ንጉሠ ነገሥቷ ከዙፋኑ ከወረደ በኋላ የተቋቋመው ሪፐብሊክ በመድረክ ላይ የነበረውን ቅድመ ምርመራ ስላነሣ፣ ቀድሞ በሹክሹክታ የሚነገረው በአደባባይ ይዘፈን ጀመር። በ1923 መጨረሻ ደግሞ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ4.2 ትሪሊዮን ማርክ እስኪመነዘር ድረስ ገንዘቡ ወደቀ። ዕድሜውን ሙሉ የቆጠበው ሰው ያጠራቀመው ሁሉ ዳቦ መግዣ ሳይሆነው ቀረ፤ በብድር ፋብሪካና ሕንፃ የገዛው ግን ዕዳው በነነለት። በሕግ ጥላ ሥር እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሕዝብ ፊት «ለመሆኑ ሌባው ማን ነው?» ብሎ የሚዘፍን ተውኔት መውጣቱ አያስደንቅም። በየካባሬቱ፣ ማለትም መጠጥ እየተጠጣ ትርኢት በሚታይባቸው ቤቶች፣ የሚቀርቡትን አጫጭር የሙዚቃ ትርኢቶችና ኤርንስት ክሬኔክ በ1927 በላይፕሲግ ያሳየውን የጃዝ ኦፔራ በአንድ በአንድ ስብሰባ ተመልክተን አልፈናል።

ዋናው ጥናታችን ኦገስት 31 ቀን 1928 በበርሊኑ የሺፍባወርዳም ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «የሦስት ሳንቲም ኦፔራ» ነበር። ድርሰቱ የቤርቶልት ብሬሽት፣ ሙዚቃው የኩርት ቫይል መሆኑ በሰፊው ይታወቃል፤ ሥሩ ግን 200 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። እንግሊዛዊው ጆን ጌይ በ1728 በለንደን ያሳየው «የለማኞች ኦፔራ» የዘመኑን ታላላቅ ሰዎች በሌቦችና በወህኒ ጠባቂዎች አምሳል አቅርቦ የተሳለቀባቸው ተውኔት ነው። ይህ ተውኔት በ1920 በለንደን ዳግመኛ ታይቶ ለዓመታት ከመድረክ ስላልወረደ ዝናው በርሊን ደረሰ፤ የብሬሽት የሥራ ባልደረባ የነበረችው ኤሊዛቤት ሃውፕትማንም ወደ ጀርመንኛ መለሰችው። የክበባችን ሴት ተማሪዎች የሃውፕትማን ስም ከሁለቱ ወንዶች ስም ጎን በእኩል የማይነሣበትን ምክንያት አጥብቀው ጠይቀዋል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ያለ እርሷ ትርጉም ብሬሽት የሚጽፍበት መሠረት አልነበረውም። በዚህም ምክንያት በኅዳር ወር ባወጣነው የግድግዳ መጽሔት የሦስቱም ስም በአንድ መጠን ፊደል ታትሟል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ፒቸም የለንደንን ለማኞች አደራጅቶ፣ የሚያሳዝን ልብስና የውሸት ጉዳት እያዘጋጀ፣ ከሚለምኑት ድርሻውን የሚወስድ ነጋዴ ነው። ነጭ ጓንት የማይለየው ወንበዴ ማኪ የፒቸምን ልጅ ፖሊን በፈረስ ጋጥ ውስጥ፣ በተሰረቀ ዕቃ በደመቀ ሠርግ ያገባታል፤ የፖሊስ አዛዡም የጦር ሜዳ ጓደኛው ስለሆነ በሠርጉ ላይ ይገኛል። ፒቸም ግን የንግሥቲቱ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ቀን ለማኞቹን ሁሉ አደባባይ አወጣለሁ ብሎ አዛዡን በማስፈራራት አማቹን እስከ መስቀያው ያደርሰዋል። ገመዱ አንገቱ ላይ ሊገባ ሲል ፈረሰኛ መልእክተኛ ደርሶ ምሕረት፣ የመኳንንት ማዕረግ፣ የሚኖርበት ግንብና በዓመት 10,000 ፓውንድ ጡረታ ይሰጠዋል። የዘመኑ ኦፔራ ታዳሚውን ደስ ለማሰኘት የሚያመጣውን ድንገተኛ ማዳን ብሬሽት እስከ ጥግ ወስዶ ነው ያሳየው፤ በእውነተኛው ሕይወት እንዲህ ያለ ፈረሰኛ ለድሃ እንደማይመጣም ተውኔቱ ራሱ ከመዘጋቱ በፊት ይናገራል።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሰጠነው ተውኔቱን ለሚከፍተውና ወንጀሎቹን ለሚዘረዝረው የማኪ ዘፈን ነው። በጀርመን የገበያ ቦታዎች የግድያና የወንጀል ታሪክ በሸራ ላይ አስሎ፣ ሥዕሉን በዘንግ እያመለከተ፣ በእጅ በሚዘወር ኦርጋን የሚያዜም የመንገድ ዘፋኝ ነበር፤ ቫይልና ብሬሽት ይህን ልማድ ወስደው ነው ዘፈኑን ለመክፈቻው ዕለት ሲጣደፉ የጨመሩት። አባላቱ ይህ ሰው አዝማሪ ነው አሉ። በከፊል ትክክል ናቸው፤ ልዩነቱ ግን አዝማሪ ከአድማጩ ግጥም እየተቀበለ፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው እያነሣ እየጣለ ሲዘፍን፣ የገበያው ዘፋኝ የማይለወጥ ታሪክ ይዞ መምጣቱና ፍርዱን ለሰሚው መተዉ ነው። ልዩነቱን በተግባር ለማየት ሁለት የዱቄት ማዳበሪያዎች ተርትረን በመስፋት ሸራ አደረግን፤ የሥነ ጥበብ ክበብ አባላትም የሻርኩን ጥርስ፣ የተሸሸገውን ቢላዋ፣ በመንገድ ላይ የወደቀውን ሬሳና ሰባት ልጆችን ያጠፋውን የለንደኑን የሶሆ ሰፈር እሳት በከሰል ሣሉበት።

ዘፋኟ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በመጀመሪያ ልምምዷ ስለ ሟቾቹ እያዘነች፣ ድምፅዋን እያንቀጠቀጠች ዘፈነችው፤ አዳራሹም አብሯት አዘነ። ቀጥሎ ያንኑ ግጥም የእህል ዋጋ እንደሚነግር ነጋዴ፣ ፊቷን ሳትለውጥ፣ ዘንጉን ከሥዕል ወደ ሥዕል እያሻገረች ብቻ እንድትዘፍነው ጠየቅኋት። በዚህኛው ጊዜ ከተቀመጡት አንዱ ተነሥቶ «እንዴት ማንም አይዘውም?» አለ። የቫይል ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ዜማው ለስላሳና በቀላሉ የሚያዝ ሲሆን ግጥሙ ሬሳ በሬሳ ላይ ይከምራል፤ ሁለቱ ስለማይስማሙም ጥያቄው አድማጩ ውስጥ ይነሣል። ክራር ተጫዋቻችን የዜማውን መነሻ ወዲያው አገኘው፤ የሚከፍቱት ሦስት ድምፆች፣ ሚ፣ ሶልና ላ፣ በትዝታ ቅኝት ውስጥ ስለሚገኙ ነው። ዜማው ሲቀጥል ግን ከቅኝቱ የሚወጡ ድምፆች ስለሚመጡ ቀሪውን ለኪቦርድ ለቀቀ፤ ይህም የድምፅ ለውጥ ዘፈኑን ይበልጥ አሳመረው።

ስለ ዝግጅቱ ብዙ መጻፍ ይቻላል። በ1928ቱ ትርኢት ሙዚቃውን የተጫወቱት ሰባት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ መሣሪያ ወደ ሌላው እየተሸጋገሩ ሳክስፎን፣ ባንጆ፣ ትሮምቦን፣ ሃርሞኒየምና ሌሎችንም አሰምተዋል። የመድረክ ነዳፊው ካስፓር ኔኸር ትልቁን መጋረጃ ትቶ በሽቦ ላይ የሚንሸራተት አጭር መጋረጃ አደረገ፤ ተዋናዩ ሊዘፍን ሲል መብራቱ ይለወጣል፣ የዘፈኑ ርእስም በጽሑፍ ይወጣል። ሁሉም የተደረገው ተመልካቹ በታሪኩ ተስቦ እንዳይጠፋ፣ ቴአትር እያየ መሆኑን እንዳይረሳ ነው። ገንዘብ ለሌለው የትምህርት ቤት ክበብ ከዚህ የበለጠ የሚመች ስልት የለም፤ የልብስ ማድረቂያ ሽቦ፣ አንድ ነጠላ አንሶላና በካርቶን የተጻፉ ርእሶች በቂያችን ሆነዋል።

በየካቲት ወር የተነሣው ክርክር የዓመቱን ሥራ አቅጣጫ ወሰነ። ተውኔቱ እጅግ ተወደደ፤ እስከ 1933 ድረስ በ18 ቋንቋዎች ተተርጉሞ በአውሮፓ ከ10,000 ጊዜ በላይ እንደታየ ይነገራል። የወደዱት ግን ድሆች ብቻ አልነበሩም፤ በተውኔቱ የሚከሰሱት ሰዎች ራሳቸው ቲኬት ገዝተው፣ አጨብጭበው፣ ዜማውን እያንጎራጎሩ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ታዲያ የተከሰሰው ሰው የሚደሰትበት ስላቅ ምን ሠራ? ከፊሉ አባል ስላቁ ከሽፏል አለ፤ ከፊሉ ደግሞ ዜማው ባይጣፍጥ ኖሮ ቃሉ የትም አይደርስም ነበር ብሎ ተከራከረ። እኔ ሁለተኛውን ወገን እደግፋለሁ፤ ሆኖም የመጀመሪያውን ወገን ጥያቄ ደራሲዎቹ ራሳቸው የተጋሩት ይመስለኛል። በኋላ ለመድረክ ያበቁት፣ ገንዘብ ማጣት ብቻ በሞት ስለሚያስቀጣባት ከተማ የሚተርከው የማሃጎኒ ኦፔራ እጅግ የመረረ ነው፤ በማርች 1930 በላይፕሲግ ሲከፈትም የናዚ ደጋፊዎች በጩኸትና በፉጨት አውከውታል።

የዚህ ቴአትር ፍጻሜ ከባድ ነው፤ ለተማሪ ነው ብለን አላለዘብነውም። ቫይል ከተውኔት ጸሐፊው ጌኦርግ ካይዘር ጋር የሠራው የመጨረሻው የጀርመን ሥራ በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1933 በሦስት ከተሞች በአንድ ምሽት ተከፈተ፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ የጀርመን ምክር ቤት ተቃጠለ፤ በማግስቱ ብሬሽት አገሩን ጥሎ ወጣ፤ አይሁዳዊው ቫይልም በማርች ወደ ፓሪስ ተሰደደ። የማኪን ዘፈን በመክፈቻው ምሽት የዘፈነው ኩርት ጌሮን በ1944 በአውሽቪትዝ ተገደለ። ከተውኔቱ በተሠራው የ1931ዱ ፊልም ፖሊን ሆና የተጫወተችው ካሮላ ኔኸር ደግሞ ከናዚዎች ሸሽታ በሄደችበት በሶቪየት ኅብረት ታስራ በ1942 በእስር ሞተች። ከታሪክ ክበብ የመጣች አባል በእኛም አገር በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በእንስሳት ተረት አስመስለው ያቀረቡት ተውኔት በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መታገዱን አንሥታ፣ ሹማምንት ከረጅም ንግግር ይልቅ ሳቅን ስለሚፈሩበት ምክንያት ጥሩ ጽሑፍ አቅርባለች።

ከሚያዝያ ጀምሮ የያዝነው ሥራ ለትምህርት ቤት ከሁሉ የሚቀርበው ነው። ብሬሽትና ቫይል ተማሪዎች ራሳቸው የሚዘፍኑትና የሚጫወቱት፣ ርዝመቱ ከግማሽ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ኦፔራ አዘጋጅተው ነበር፤ «እሺ ባዩ» ይባላል፤ መነሻው ሃውፕትማን ከእንግሊዝኛ የመለሰችው የቆየ የጃፓን ተውኔት ሲሆን በጁን 23 ቀን 1930 በበርሊን ታየ። አንድ ልጅ ለታመመች እናቱ መድኃኒት ፍለጋ ከመምህሩና ከጓደኞቹ ጋር ተራራ ሲያቋርጥ ራሱ ይታመማል፤ የታመመ ሰው መንገደኞቹን እንዳያስመልስ ልማዱ ያዛል፤ ልጁም ተጠይቆ እሺ ይላል፤ ወደ ገደል ይጥሉታል። በዚህ ሥራ ውስጥ ስላቅ የለም፤ ነገር ግን የየካቲቱን ጥያቄ የሚመልሰው እርሱ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ የሚማረው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሳይሆን የሚጫወተው ነው። በበርሊን ኖይኮልን ሰፈር የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ተውኔቱን አንብበው ልማዱን ነቀፉ፤ ብሬሽትም ተቃውሟቸውን ተቀብሎ ሥራውን አሻሻለ፤ ከጎኑም ልጁ አይሆንም ብሎ በአዲስ ሁኔታ አዲስ አሳብ ይታሰብ የሚልበትን «እምቢ ባዩን» ጻፈ።

የእኛም ልጆች ከዚያ ያላነሰ ተከራክረዋል። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ልማዱ መልሱንም ጭምር አስቀድሞ ካዘዘ ልጁን መጠየቃቸው የራሳቸውን ኅሊና ለማሳረፍ ነው አለ። ሌላዋ ደግሞ እናቱን ማንም አላሰባትም፤ መድኃኒቱን ማን ሊያደርስላት ነው ብላ ጠየቀች። ሁለቱንም አስተያየቶች በንባብ ዝግጅታችን መካከል፣ ጨዋታው ቆሞ መብራቱ ተለውጦ፣ ራሳቸው ተናጋሪዎቹ እንዲያሰሙ አድርገናል።

ይህ ዝግጅት በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ከማኪ ዘፈንና ከሠርጉ ትዕይንት ጋር፣ ለትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ ቀርቧል። የተማሪዎቹን የአማርኛ ግጥም ላረሙልን የአማርኛ መምህራን፣ አዳራሹን ከሥራ ሰዓት ውጪ ለከፈቱልን የጥበቃ ሠራተኞችና ሸራውን ለሣሉት የሥነ ጥበብ ክበብ አባላት ምስጋናዬ ከልብ ነው። ቫይል ሙዚቃ የሠራው ለ«እሺ ባዩ» ብቻ ስለሆነ፣ አባላቱ በሚቀጥለው ዓመት ለ«እምቢ ባዩ» የራሳቸውን ዜማ በክራርና በዋሽንት ለመድረስ ወስነዋል፤ የመጀመሪያው የመዘምራን ክፍልም በክረምቱ ይጀመራል።